ከኤድዋርድስ ፌሪ እስከ ዜሮ ማይል፦ የብቻ ጉዞን የመጨረሻ ቀን እንዴት እንደሚጋልቡ

ከፒትስበርግ ተነስተው ብቻዎን በብስክሌት ወደ ዋሽንግተን የሚወርዱ ከሆነ፣ የመጨረሻውን ቀን የሚያበላሽብዎት የጉልበት ማነስ አይደለም። እዚያ ድረስ ያመጣዎት እግር ቀሪውን ያደርስዎታል። የሚያበላሸው ጥድፊያ ነው። «ዛሬ እገባለሁ» የሚለው ሐሳብ ገና ከማለዳው ልብ ይሰቅላል። ያኔ ቁርስ በቁም ይበላል፣ ውሃ ሳይሞላ ይቀራል፣ ፍሬን ሳይታይ ይነሳል። ከጎንዎ «ቆይ እንጂ» የሚል ሰው ስለሌለ ቆይ የሚለውን ዕቅድ አስቀድመው ራስዎ ማዘጋጀት አለብዎት።

መንገዱን ለማያውቅ ባጭሩ ላስተዋውቅ። ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ ያለው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ 150 ማይል ነው። ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን ደግሞ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ፣ ሰው ሁሉ ሲ ኤንድ ኦ የሚለው፣ 184.5 ማይል ይወስዳል። አንድ ላይ ወደ 540 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። የሚጋልቡበት የቦይ ዳር መንገድ በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ ነው፤ ከሞላ ጎደል ለጥ ያለ የሆነውም ለዚያ ነው። ቁፋሮው የተጀመረው በፈረንጆች ጁላይ 4 ቀን 1828 ሲሆን የቢ ኤንድ ኦ ባቡር ሥራም ባልቲሞር ላይ በዚያው ዕለት ተጀመረ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ገባ። ቦዩ እዚያ የደረሰው በ1850 ነው፤ እስኪደርስ ጊዜው አልፎበት ነበር። በ1924 ጎርፍ ካበላሸው በኋላ ጀልባ አልተመላለሰበትም። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በየቀኑ በአጠገቡ በመኪና ያልፋሉ።

ዋዜማው

የመጨረሻው ቀን ርዝመት የሚወሰነው ቀደም ባለው ማታ ነው። ብዙ ሰው ሐርፐርስ ፌሪ አድሮ ወይም ብረንስዊክ ላይ ተኝቶ በማግስቱ ጆርጅታውን ለመግባት ያቅዳል። የመጀመሪያው ወደ 61 ማይል፣ ሁለተኛው 55 ማይል ይቀረዋል። ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ዕቃ የተጫነ ብስክሌት በዚህ መንገድ በሰዓት ከ8 እስከ 10 ማይል ቢሄድ ነው፤ ዝናብ ጥሎ ከጨቀየማ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ሙሉ ቀን ኮርቻ ላይ ይውላሉ፣ ግሬት ፎልስን በግርግር ሰዓት ያልፋሉ፣ ከተማ የሚገቡት ደግሞ በማምሻው ደክሞዎት ነው።

የሚሻለው ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀን 25 ማይል ያህል ገፋ አድርጎ ከ30ኛውና ከ35ኛው ማይል መካከል ማደር ነው፤ ማይሎቹ የሚቆጠሩት ከጆርጅታውን ጀምሮ ነው። ተርትል ረን 34.4 ላይ፣ ቺዝል ብራንች 30.5 ላይ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጁ የድንኳን ማደሪያዎች ናቸው። ክፍያ የላቸውም፤ ቀድሞ ለደረሰ፣ ለአንድ ሌሊት ነው። ጠረጴዛ፣ ተንቀሳቃሽ መጸዳጃና የእጅ የውሃ ፓምፕ አላቸው። ድንኳን ለሰለቸው ደግሞ ኤድዋርድስ ፌሪ፣ 30.8ኛው ማይል ላይ፣ የድሮው የቦይ ጠባቂ ቤት አለ። የሲ ኤንድ ኦ ካናል ትረስት እንዲህ ያሉትን ቤቶች ለአዳሪ ያከራያል፤ አስቀድሞ መያዝ ግን ግዴታ ነው።

ይህ ዕቅድ ሌላም ጥቅም አለው። 42ኛውን ማይል ገደማ ያለውን የሞኖካሲን የድንጋይ ድልድይ በዋዜማው በቀን ብርሃን ተረጋግተው ያልፉታል። ቦዩን ከነጀልባው ወንዙን ለማሻገር በ1833 የተጠናቀቀ፣ በሰባት ቅስት የቆመ ሥራ ነው። ከብስክሌት ወርደው እየገፉ ይሻገሩ፤ ደንቡም ይህን ይጠይቃል።

ማታ ላይ ሦስት ነገር ያድርጉ። አንደኛው የስልክና የመብራት ባትሪ መሙላት ነው። ሁለተኛው ምግብን ይመለከታል። ከፖይንት ኦፍ ሮክስ ካለፉ እስከ ግሬት ፎልስ ድረስ መንገድ ዳር ሱቅ አገኛለሁ ብለው አይመኩ፤ ለእራት፣ ለቁርስና ለግማሽ ቀን የሚበቃዎትን ከብረንስዊክ ይዘው ይውጡ። ኋይትስ ፌሪ ላይ የነበረው መሻገሪያ ጀልባም በ2020 መጨረሻ ሥራ አቁሟል፤ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሊዝበርግ ተሻግሬ እበላለሁ የሚል ሐሳብ ካለዎት አስቀድመው ያጣሩ።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ለሚጠብቅዎት ሰው መልእክት ይጻፉ። የእኛ ሰው ዘመዱ ከሩቅ ሲመጣ ዝም ብሎ አይጠብቅም። «የት ደረስክ?»፣ «የት ደረስሽ?» የሚለው ስልክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል። ፍቅር ነው፣ ግን ብቻውን ለሚጋልብ ሰው ከነፋስ በላይ የሚገፋ ጥድፊያ ነው። ስለዚህ የመድረሻ ሰዓት አይስጡ፤ «ከሰዓት በኋላ ነው» ብለው ይለፉት። ቀጥለውም መልእክት የሚልኩባቸውን ቦታዎች ያሳውቁ፦ ስነሳ፣ ግሬት ፎልስ ስደርስና ፍሌቸርስ ኮቭ ስደርስ። በመሃል ስልክ የማይሠራባቸው ቦታዎች ስላሉ ዝም ብል አትደንግጡ ይበሏቸው። ነገር ግን «እስከ አሥር ሰዓት ከፍሌቸርስ ካልጻፍኩ ፈልጉኝ» የሚል ቁርጥ ያለ ቃልም ይተዉላቸው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደኅንነት በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማል።

ማለዳ

ጎሕ ሲቀድ ይነሱ፣ ግን ለመሮጥ አይደለም። ማለዳ ቦዩ ላይ የሚያገኙት ጸጥታ ረፋዱ ላይ በአራት ሰዓት አይገኝም። ግራጫ ሳቢሳ ውሃው ዳር ቆማ ዓሣ ትጠብቃለች፣ ኤሊዎች በወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ።

በመጀመሪያ ውሃ። የማደሪያው ፓምፕ እጀታው ረጅም ነው፤ መጀመሪያ ላይ በደረቁ እያቃሰተ ይወርዳል፣ ከዚያ ክብደት ይሰማዎታል፣ ከዚያ ዝገት የመሰለ ውሃ ይተፋል። የዝገቱ ቀለም እስኪለቅ ይቅዱና ያፍስሱ። የፓርኩ ሠራተኞች ውሃውን በአዮዲን ስለሚያክሙት ጥቂት ቢጫነትና የመድኃኒት ጣዕም ይኖረዋል። አዮዲን የማይስማማዎት ከሆነ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ የራስዎን ውሃ ይያዙ። በብርዱ ወራት፣ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ገደማ፣ የፓምፖቹ እጀታ ይነሳል፤ በዚያን ጊዜ ውሃ ተሸክሞ መሄድ ነው።

ቁርስ ላይ ለበሶ የሚስተካከል አላገኘሁም። አንድ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ማር፣ ቁንጥር ጨው ጨምረው በደንብ ይበጥብጡ። ምድጃ አይፈልግም፣ ሆድ ላይ አይከብድም፣ እስከ ረፋድ ያቆያል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ደግሞ በመሪው ላይ በሚታሰረው ቦርሳ ውስጥ፣ ሳይወርዱ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ይሁን። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ እፍኝ ይቃሙ፤ እርቦኛል ብለው እስኪያስቡ አይጠብቁ። የጾም ወቅት ከሆነ ሁለቱም ጾም ናቸውና አያሳስብም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ግን ከጉዞው በፊት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ሳይበሉና ሳይጠጡ በፀሐይ 30 ማይል መጋለብ፣ ያውም ብቻ ሆኖ፣ አደጋ ነው።

ከዚያ ብስክሌቱ። የዚህ መንገድ ጭቃና ደቃቅ ጠጠር የፍሬን ጎማ ይበላል፤ እስካሁን ያልታየው መሳሳት የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። የፍሬኑን መያዣ ጭምቅ ሲያደርጉት ከመሪው ጋር ሊገናኝ ከደረሰ ሽቦውን ያጥብቁ። የኋላውን ቸርኬ ከመሬት አንስተው ያሽከርክሩና የሽቦ ዘንጎቹን አንድ በአንድ በጣት ይነካኩ፤ ከሌላው ይልቅ የላላ ካለ ዕቃውን ወደ ፊተኛው ቦርሳ ያዛውሩ። ካቴናውን በጨርቅ ጠርገው ዘይት ያስነኩ፣ የተረፈውንም ይጥረጉ። የጎማውን ነፋስ በአውራ ጣት ይፈትሹ። ካላማዳሪያና መንፊያ ከቦርሳው አናት ላይ ይሁኑ እንጂ ከድንኳኑ ሥር አይቀበሩ። ደወልም ያስፈልጋል፤ ፓርኩ ግድ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደጋግመው ይደውሉታል።

እስከ ግሬት ፎልስ

የመጀመሪያዎቹን 16 ማይሎች ሳያስቡ ይጋልቡ። የማይል ምልክቶቹ ቁጥር ወደ ዜሮ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፤ በየማይሉ መቁጠር ሲጀምሩ መንገዱ ይረዝምብዎታል። ቁጥሮቹ የሚያስፈልጉዎት ለሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ነገር ቢገጥምዎትና 911 ቢደውሉ ቦታዎን የሚናገሩት በእነሱ ነው። ስለዚህ ያለፉትን የመጨረሻ ቁጥር ብቻ በአእምሮዎ ይያዙ።

22.8 ላይ ሴኔካ ይደርሳሉ። እዚህ ይውረዱ። ቀዩን ድንጋይ ይዩት፤ በዲሲ የስሚዝሶኒያን «ካስል» የተሠራው ከዚሁ አካባቢ በተቆረጠ ድንጋይ ነው። ቦዩ ወንዝ የሚሻገርበት ድልድይና የጀልባ ማውረጃው በር እዚህ ተጣብቀው ነው የተሠሩት። ከሦስቱ ቅስቶች አንዱን የ1971 ጎርፍ ወስዶታል። ውሃ ይጠጡ፣ ጫማ ያውልቁ፣ እግርዎን ይዘርጉ። የእጅ መደንዘዝ ካለብዎት በዚህ ጊዜ ነው የሚያውቁት፤ ትንሿና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ መሪው ላይ የሚያሳርፉት ክብደት በዝቷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በየአሥር ደቂቃው አያያዝ ይለዋውጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ለመጸዳዳትም ይሁን ለጥላ ከመንገድ ሲወጡ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው፣ በዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ይጠንቀቁ። ፖይዝን አይቪ ይባላል። የነካው ቆዳ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ያቃጥላል፣ ይቆስላል። ብስክሌትዎንም አያስደግፉበት፤ ዘይቱ መሪው ላይ ቀርቶ እጅዎን ያገኘዋል።

ግሬት ፎልስ

14.3ኛው ማይል ላይ ያለችው የግሬት ፎልስ የድሮ ማረፊያ ቤት የቀኑ ትልቁ ማረፊያዎ ናት። ውሃና መጸዳጃ አለ፣ በወቅቱ መክሰስም ይሸጣል። ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ይድረሱ። ከዚያ በኋላ ጋሪ የሚገፋ ወላጅ፣ ውሻ የያዘ ሰውና የሚሮጥ ልጅ መንገዱን ይሞላዋል። ከተቻለማ ሙሉ ጉዞውን የመጨረሻው ቀን በሥራ ቀን እንዲውል አድርገው ያቅዱት።

ፏፏቴውን ሳያዩ አይለፉ። የፖቶማክ ወንዝ እዚህ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ውስጥ 76 ጫማ ይወርዳል። ማየት የሚቻለው በኦልምስቴድ ደሴት ላይ በተሠራው የእግር ድልድይ በኩል ነው፤ ብስክሌት አይገባም። ብቻዎን ስለሆኑ ዕቃዎን የሚጠብቅልዎት የለም። ብስክሌቱን ከማሰሪያው ጋር በፍሬሙና በኋላ ጎማው በኩል ይቆልፉት፤ ገንዘብ፣ ስልክ፣ መታወቂያና መድኃኒት ያለበትን የመሪ ቦርሳ ፈትተው ይዘው ይሂዱ። የቆሸሸ ልብስና ድንኳን የሚሰርቅ እምብዛም የለም። ላብዎን ለማጠብ ወደ ወንዙ መውረድ ግን ፈጽሞ አይሞክሩት። ላይ ላዩን የረጋ የሚመስለው ውሃ ከሥር ይጎትታል፣ በየጊዜው ነፍስ ያጠፋል፤ መግባትም ክልክል ነው።

ሲመለሱ ይብሉ፣ መልእክት ይላኩ፣ ቀጥሎ ያለውን ክፍል በቀስታ ይጀምሩት። ከዚህ ወደ ታች ከ20ኛው እስከ 15ኛው ያሉት ስድስት የጀልባ በሮች በተቀራረበ ርቀት ላይ ይደረደራሉ። እያንዳንዱ በር ጀልባን ስምንት ጫማ ያህል ዝቅ የሚያደርግ ስለሆነ መንገዱም በየበሩ ድንገት ቁልቁል ይላል። ጠጠሩ ልቅ ነው፣ ከታች ሰው አለ። የኋላውን ፍሬን ቀድመው፣ የፊተኛውን ቀስ ብለው ይያዙ፤ መሪውን አይጠምዝዙ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 15 ማይል ነው፣ እዚህ ግን ከግማሹም በታች ይሂዱ። እግረኛ፣ ፈረስና በቅሎ ቅድሚያ አላቸው። የአንዳንዶቹን በሮች የድንጋይ ጠርዝ በጣትዎ ቢዳስሱት የበቅሎ ገመድ ለአሥርተ ዓመታት እየተፈተገ የቦረቦረውን ጎድጓዳ መስመር ያገኛሉ። እኔ ስለዚህ ቦይ ከተነገረኝ ሁሉ ይልቅ ያ መስመር የሰዎቹን ድካም ነግሮኛል።

ቀጥሎ ቦዩ ሰፍቶ ሐይቅ የሚመስልበት ዋይድዋተር ይመጣል። መንገዱ በዓለት ዳር ይሄዳል፤ ሥጋት ከገባዎት ወርደው ይግፉ። የሚያልፍዎት ሰው ምን ይለኛል አይበሉ።

ከቤልትዌይ በታች

ዘጠነኛው ማይል አካባቢ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ ድልድይ ሥር ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ የመኪና ድምፅ አይለይዎትም፤ ክላራ ባርተን ፓርክዌይ ከጎን ነው። ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፉ አውሮፕላኖችም ወንዙን ተከትለው ከራስዎ በላይ ይወርዳሉ። ብዙ ተጓዥ ይህን ክፍል ይጠላዋል። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ ከጎን የሚሰማው መኪና እርስዎ ያሉበት መንገድ ምን ሊሆን እንደነበር ስለሚያስታውስ። በ1950ዎቹ ቦዩን የመኪና መንገድ የማድረግ ዕቅድ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ኦ. ዳግላስ ዕቅዱን የደገፉትን የዋሽንግተን ፖስት አዘጋጆች «አብራችሁኝ በእግር ተጓዙና እዩት» ብለው ጠሩ። በማርች 1954 ጉዞው ከከምበርላንድ ተነሳ፤ በአንዱም በሌላውም ክፍል 58 ሰዎች ተሳተፉበት፤ ከስምንት ቀን በኋላ ሙሉውን በእግሩ የጨረሰው ዘጠኝ ሰው ነው፣ ዳግላስም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። ጋዜጣው አቋሙን አለዘበ፣ ዕቅዱም ቀረ፤ በ1971 ቦዩ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

ፍሌቸርስ ኮቭ 3.1ኛው ማይል ላይ ነው። መጸዳጃና መኪና ማቆሚያ ስላለ፣ አብሮዎት የመጨረሻውን ሊጋልብ የሚፈልግ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለ እዚህ ይምጣ። ከዚህ በፊት እንዲመጡ አልመክርም። ይህን ያህል መንገድ ብቻውን የመጣ ሰው እስከዚህ ያለውን ብቻውን መጨረስ ይገባዋል፤ ሰው ሲመጣ ጨዋታው ይመጣል፣ ዓይን ከመንገዱ ይነሳል።

ከዚህ ሁለት ምርጫ አለዎት። አንዱ በቦዩ ዳር መቀጠል ነው። ሌላው ከጎኑ ያለው ካፒታል ክሬሰንት የተባለው አስፋልት ነው። አስፋልቱ ይፈጥናል፣ ግን በማምሻው ከሥራ የሚመለሱ ብስክሌተኞች ይበሩበታል፤ ቀኙን ይያዙ፣ ሲቆሙ ከመስመሩ ይውጡ። እግርዎ ከደከመ አስፋልቱን፣ ካልደከመ ቦዩን ይምረጡ። በቦዩ ከሄዱ ጆርጅታውን ውስጥ መንገዱ ይጠባል፣ ጡብ ይሆናል፣ ከሰው ጋር ይጋፋል፤ እየገፉ መሄድ ይቀላል።

ዜሮ ማይል

የዜሮ ማይል ምልክት የተደበቀ ስለሆነ ብዙ ሰው ሳያገኘው «ደረስኩ» ብሎ ይመለሳል። ጆርጅታውን መሃል አይደለም። በወንዝ ዳሩ መናፈሻ በኩል ወደ ምሥራቅ ይሂዱ፤ ሮክ ክሪክ ከፖቶማክ የሚገናኝበት ቦታ ላይ የቶምፕሰን የጀልባ ማዕከል አለ። ምልክቱ ከማዕከሉ ጀርባ፣ ወንዙ ጫፍ ላይ ነው፤ ዋተርጌት ሕንፃ ከፊት ለፊት ይታያል። የሚቀበልዎት ሰው መኪና ማቆሚያ ፍለጋ እንዳይንከራተት በወንዝ ዳሩ መናፈሻ ይጠብቅዎትና አብራችሁ በእግር ሂዱ። ፎቶ ከመነሳትዎ በፊት ውሃ ይጠጡ፣ ተቀምጠውም ትንሽ ይረፉ። በዚህ ሰዓት ራስ መዞር የተለመደ ነው።

ወደ ቤት ለመሄድ ቅርቡ ሜትሮ ፎጊ ቦተም ነው። ሜትሮ በማንኛውም ሰዓት ብስክሌት ይቀበላል፤ በአሳንሰር እንጂ በተንቀሳቃሽ ደረጃ አይውረዱ፣ በመካከለኛው በርም አይግቡ። እንጀራ የናፈቀው ደግሞ በሊንከን ሐውልት በኩል ዞሮ የ15ኛውን ጎዳና የተከለለ የብስክሌት መስመር ይዞ ወደ ዩ ስትሪት መውጣት ይችላል፤ ወደ 9ኛው ጎዳና ሲጠጉ የቡናው ሽታ ይቀበልዎታል። ሽቅብ ነውና ማርሹን ቀድመው ያቅልሉ። ከአገር ውስጥ ሌላ ከተማ የመጡ ከሆነና በአምትራክ የሚመለሱ ከሆነ የብስክሌት ቦታ ከቲኬቱ ጋር አስቀድሞ ይያዛል፤ ቦታው ጥቂት ነው። ባቡሩን በዚያው ማታ አያድርጉት፤ አንድ ጎማ ቢተነፍስብዎት ቀኑ ሁሉ በሩጫ ያልቃል።

ማታውኑ

ገላዎን ሲታጠቡ መዥገር ይፈልጉ፦ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ኋላ፣ የፀጉር ሥር። ካገኙ በሹል ወረንጦ ከቆዳው አስጠግተው ይያዙና ቀጥ አድርገው ይንቀሉት፤ ቅባት ወይም እሳት አያስነኩት። ቀኑን ይጻፉ። ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከመጣ ላይም የተባለው በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፣ ቀኑንም ይንገሩት። ድንኳኑን እርጥብ ሆኖ ከቦርሳ ውስጥ አያሳድሩት፤ በረንዳ ላይ ወይም በመታጠቢያ ቤት ዘርግተው ያድርቁት። ካቴናውን ግን ነገ ያጥቡታል።